ሐዲዱ ይናገር በነበረ ጊዜ

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው፤ ባቡሩን ዕድሜ ልኩን ሲፈትነው የኖረው ደግሞ ፀሐይዋ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያደግን የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጆች የብረትን ጠባይ ከመማሪያ መጽሐፍ በፊት በጆሮና በእጅ ነው ያወቅነው። ብረት ሲሞቅ ምን እንደሚል፣ ሲበርድ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ መቼ እንደሚታዘዝና መቼ እንደሚያምፅ የሚያስረዱን ሰዎች በየግቢው ነበሩ። አሁን እነዚያ ሰዎች እያለቁ ነው። የሐዲዱ ድምፅም ከከተማው ጠፍቷል። የማስታውሰውን ለመጻፍ የተነሣሁት ለዚህ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ላንሣው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። ሥራው ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ፣ ድሬዳዋ ከተቆረቆረችበት ሜዳ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። መንገዱ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። አንዱ ጫፉ የአዲስ አበባን የኅዳር ውርጭ፣ ሌላው ጫፉ ጥላ ሥር እንኳ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈውን የጅቡቲን የሐምሌ ቃጠሎ መቻል ነበረበት። ሐዲዱን የሚሸከሙት አግድሞች ሳይቀሩ ብረት ነበሩ፤ እንጨት ቢሆኑ የበረሃው ምስጥ አይምራቸውም ነበር። እንግዲህ ከታች እስከ ላይ ብረት የሆነ መንገድ፣ በየቀኑ ፀሐይ ሲወጣና ሲገባ እየተዘረጋ እየተሰበሰበ ይኖር ነበር ማለት ነው።

የዚያን ባቡር አካሄድ የሰማ ሰው አይረሳውም። ቀጭ ቋ፣ ቀጭ ቋ እያለ ይመጣል። ዳገት ላይ ድምፁ ይራራቃል፣ ሜዳ ላይ ይቀራረባል፣ ጣቢያ ሲቃረብ እንደገና ይሳሳል። ሌሊት በተኛንበት ሆነን ባቡሩ ፈጥኖ ይሁን ዘግይቶ፣ ባዶውን ይሁን ጭነት ይዞ በድምፁ እንለይ ነበር። ልጅ ሳለሁ ያ ድምፅ የሞተሩ ይመስለኝ ነበር። የሞተሩ እንዳልሆነ የነገረኝ አባቴ ነው። አባቴ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር።

ድምፁ የሚመጣው ከባዶ ቦታ ነው። ሐዲድ ሲዘረጋ አንዱ ብረት ከሌላው ጋር ጫፍ ለጫፍ አይገናኝም። በመካከላቸው ጣት የማያስገባ ስንጥቅ ይተዋል። ሁለቱን ጫፎች ከግራና ከቀኝ አቅፈው የሚይዟቸው ጠፍጣፋ ብረቶች አሉ፤ በቡሎንና በዳዶ ይታሠራሉ፤ የቡሎኑ ቀዳዳ ግን ሆን ተብሎ ሰፋ ይላል፣ ሐዲዱ ወዲያና ወዲህ እንዲንሸራተት። የባቡሩ ጎማ ያንን ስንጥቅ ሲሻገር ነው ቀጭ የሚለው። ሁለት ጎማ ተከታትሎ ሲሻገረው ቀጭ ቋ ይላል።

ስንጥቁ ለምን እንደሚተው አባቴ ያሳየኝ በግንቦት ወር ነው፤ በድሬዳዋ ከሁሉ የሚከፋው ሙቀት በሚመጣበት ሰሞን። ገና ጎህ ሲቀድ ሐዲዱ ዳር ቁጢጥ አለና ከኪሱ ስስ የብረት ቅጠሎች አወጣ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል አንዱን ከተተ፣ ገባ። ሁለተኛውን ደረበ፣ ገባ። ሦስተኛውን ደረበ፣ ጥብቅ ብሎ ገባ። ምንም ሳይናገር ወደ ሌላ ሥራው ሄደ። በቀትር፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ እዚያው ቦታ መልሶ ወሰደኝ። ሐዲዱን በባዶ እጅ መንካት አይቻልም ነበር። ያንኑ ቅጠል ሊከት ሞከረ፤ አንዱም አልገባም። ጠዋት ክፍት የነበረው ስንጥቅ ተዘግቷል።

«ብረት ቦታ ካልሰጠኸው ራሱ ይወስዳል» አለኝ።

ነገሩን በቁጥር ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ፣ በትምህርት ቤት ነው። ብረት የተሠራባቸው አተሞች ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ባሉበት ይርገበገባሉ። ሲሞቁ እርግብግቢታቸው ይበረታል፣ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ የሚይዙት ቦታ ይሰፋል። የሐዲድ ብረት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት ከርዝመቱ ከአንድ ሚሊዮን 12 እጅ ያህል ይጨምራል። ሲሰሙት ከቁጥር የሚገባ አይመስልም። ነገር ግን ፀሐይ ላይ የዋለ ሐዲድ ከአየሩ ይልቅ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይበልጥ ይግላል። ጎህ ሲቀድ 20 ዲግሪ የነበረ ሐዲድ በቀትር 55 ቢደርስ ልዩነቱ 35 ዲግሪ ነው። አሥር ሜትር የሚረዝም አንድ ሐዲድ በዚህ ልዩነት ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ያለውን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ አንድ ወጥ ብረት ነው ብለን ብናስብና የሚያግደው ባይኖር፣ ከንጋት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ብቻ 126 ሜትር ይጨምር ነበር። ያ ሁሉ ርዝመት ነው በየስንጥቁ ትንሽ ትንሹ ተከፋፍሎ የሚዋጠው።

ስንጥቁ ዝገት ወይም ጠጠር ገብቶበት ከተደፈነ፣ ወይም ቡሎኑ ከልክ በላይ ከጠበቀ፣ ሐዲዱ መሄጃ ያጣል። ያን ጊዜ ወደ ጎን እየተጣመመ እንደ እባብ ይጥመለመላል፤ ከባዱ ባቡር በላዩ ቢመጣ ይገለበጣል። አባቴና ጓደኞቹ በበጋው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው የሚወጡት ለዚህ ነበር። ብረቱ ሳይሞቅ፣ ስንጥቁ ክፍት ሳለ፣ ቡሎኖቹን ያላላሉ፣ ግራሶ ይቀባሉ፣ መልሰው በልክ ያስራሉ። ልኩን የሚነግራቸው መሣሪያ አልነበራቸውም። ቁልፉ እጃቸው ላይ የሚሰጠውን ክብደት ያውቁታል፤ «በቃው» ይላሉ፣ ያቆማሉ። በእነዚያ ሰዎች እጅ ልክ ላይ ስንት ሺህ መንገደኛ በሰላም ተጉዟል!

ከሐዲዱ ጎን በተተከሉት የስልክ ምሰሶዎች ላይም ያው ሕግ ይታይ ነበር። ሽቦው ሌሊት ተወጥሮ ያድራል፣ ከሰዓት በኋላ ወደ መሬት ዘንበል ይላል። እኛ ልጆች ጊዜውን ከሽቦው ርግበት እንገምት ነበር። ትልልቅ ድልድዮች ደግሞ አንድ ጫፋቸው ብቻ ነው ከግንቡ ጋር የሚታሠረው፤ ሌላው ጫፍ እንዲንሸራተት በተሠራ ተሽከርካሪ ብረት ላይ ይቀመጣል። ድልድዩ በቀን ይዘረጋል፣ በሌሊት ይሰበሰባል፣ ግንቡን ግን አይገፋውም።

ጆሯችንን ሐዲዱ ላይ ደፍተን ባቡር እናዳምጥም ነበር። ባቡሩ ገና ለዓይን ሳይታይ፣ በአየር የሚመጣ ምንም ድምፅ ሳይኖር፣ ብረቱ ውስጥ ስስ ፉጨት ይሰማል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ሲጓዝ በብረት ውስጥ ግን 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛልና 15 እጥፍ ያህል ይፈጥናል። ይህን ጨዋታ በቀትር መጫወት አይቻልም፤ ጆሮ ያቃጥላል። የሐዲድ ጨዋታ ሰዓቱ ማለዳና ማምሻ ብቻ ነበር።

ከሐዲዱ ይልቅ የብረትን ምሥጢር በቅርብ ያየሁት ግን በምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ግቢ፣ በጥገና ወርክሾፑ ውስጥ ነው። ድሬዳዋ ላይ የነበረው ወርክሾፕ ባቡሩን ራሱን መልሶ ሊሠራ የሚችል ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ቶርኖው አለ፣ ፍሬሳው አለ፣ ማቅለጫው አለ፣ ቀጥቃጮቹ የሚሠሩበት ትልቅ አዳራሽ አለ። የሠራተኛው ቋንቋም ብዙ ነበር፤ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ አማርኛው፣ ፈረንሳይኛው በአንድ ቀን ውስጥ ይቀላቀላል። ዕቃ ሲጠሩ ፈረንሳይ፣ ሲቀልዱ ኦሮሞ፣ ሲቆጡ አማራ ይሆናሉ።

በቀጥቃጮቹ ቤት ውስጥ እኛ ልጆች ጋሼ የምንላቸው አንድ ባለ እጅ ነበሩ። ለአባቴ ምሳ እንዳደርስ እማዬ ስትልከኝ መጀመሪያ የማየው እሳቸውን ነው። ቤታቸው ሁልጊዜ ጨለም ያለ ነበር፤ መስኮቶቹ በላሜራ ተሸፍነዋል። ብርሃን ስላጡ አልነበረም። የጋለ ብረት ቀለሙ የሚለየው በጨለማ ነው። ፀሐይ ላይ ሆኖ ገና አልጋለም የሚሉት ብረት ጨለማ ውስጥ ደም መስሎ ይታያል። ጋሼ ሙቀቱን በቀለሙ ነበር የሚያነቡት። ድብዝዝ ያለ ቀይ ከሆነ 600 ዲግሪ አልፏል ማለት ነው፤ ደማቅ ቀይ 800 ገደማ፣ ብርቱካንማ ወደ 1,000፣ ቢጫ 1,100 ገደማ፣ ከዚያ በላይ ወደ ነጭነት ይሄዳል። ጋሼ እነዚህን ቁጥሮች አያውቋቸውም ነበር፤ ቀለማቱን ግን አንድም ቀን አልሳቱም።

አንድ ቀን የባቡር ጎማ ላይ የብረት ቀለበት ሲያገቡ ደረስሁ። የድሮ ባቡር ጎማ ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ መሐሉ አንድ፣ ሐዲዱን የሚነካው ዙሪያው ደግሞ ሌላ። ዙሪያው ቀለበት ሲያልቅ እሱ ብቻ ይቀየራል። ጎማው 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ቀለበቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይጠብባል፣ ስለዚህ በቀዝቃዛው አይገባም። ቀለበቱን ዙሪያውን በእሳት ከበው ያግሉታል። በ250 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ያን ጊዜ ጎማውን አቅፎ ይገባል።

ታዲያ ለመግባት መድረሱን በምን ያውቁታል? ጋሼ ጣታቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ቀለበቱ ላይ ረጨት አደረጉ። ጠብታው ጭስ ብሎ ጠፋ። «ገና ነው» አሉ። ጥቂት ቆዩና ደግመው ረጩ። አሁን ጠብታው አልጠፋም። ድብልብል ዶቃ ሆኖ በብረቱ ላይ ወዲህና ወዲያ ሮጠ፣ ዞረ፣ ዘለለ። ያን ጊዜ «በሉ!» ብለው ጮኹ። ቀለበቱ በሰንሰለት ተነሥቶ በጎማው ላይ ወረደና ሳያንገራግር ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ። ብረቱ ሲበርድ ጢቅ፣ ጢቅ እያለ ጎማውን ይጨብጥ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ጋሼ በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርጉት ረጅም ደወል ሰጠ። «ያዘ» አሉ። ቡሎን የለው፣ ብየዳ የለው፤ ያሠረው ቅዝቃዜ ብቻ ነው። ያ ጎማ ያንን ሁሉ ጭነት ተሸክሞ ከበረሃ ደጋ፣ ከደጋ በረሃ ይመላለሳል።

ጠብታው ለምን እንደሚጨፍር የጻፈው ዮሐን ላይደንፍሮስት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1756። ብረቱ በጣም ሲግል ጠብታው ከታቹ በኩል ይተንና ራሱ ባወጣው እንፋሎት ላይ ይንሳፈፋል። እንፋሎቱ ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ ጠብታው ቶሎ አያልቅም። ለዚህ ብረቱ ወደ 200 ዲግሪ ገደማ መድረስ አለበት። ጋሼ የላይደንፍሮስትን ስም ሰምተው አያውቁም። እማዬም አልሰማችም፤ ግን እሷም ምጣዱ ላይ ውኃ ረጭታ ነበር እንጀራዋን የምትጀምረው። የአባቴን ካኪ ልብስ የምትተኩሰውም እንዲሁ ነው፤ ከሰል በሆዱ ያዘውን ከባዱን ካውያ ገልብጣ በረጠበ ጣት ነካ ታደርገውና የሚመልስላትን ድምፅ ታዳምጣለች። አንዱ ድምፅ ለጥጥ ይሆናል፣ ሌላው ድምፅ ያቃጥላል። በኋላ የኤሌክትሪክ ካውያ ገዛንላት። በውስጡ እኩል የማይረዝሙ ሁለት ስስ ብረቶች ተጣብቀዋል፤ ሲሞቁ አንዱ ከሌላው ይልቅ ስለሚረዝም ሁለቱም ይጎብጣሉ፣ መብራቱን ቀጭ አድርገው ይቆርጡታል። ሲበርዱ መልሰው ያገናኙታል። ሥራ ቀለለላት፤ ጣቷን ማርጠብም ተወች።

መሮ ማጠንከርም ከጋሼ ቤት የማልረሳው ነገር ነው። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ተረቱ የሚነግረን ስለ መጋሉ ብቻ ነው፤ የባለ እጅ ሙያ ግን የሚለየው በማብረዱ ላይ ነው። ጋሼ መሮውን ደማቅ ቀይ እስኪሆን ያግሉትና አፉን ብቻ ውኃ ውስጥ ይነክሩታል። በድንገት የበረደው አፍ በጣም ይጠነክራል፣ ግን ያን ያህልም ይሰበራል፤ ያለ ተጨማሪ ሥራ በመዶሻ ቢመታ ይፈረከሳል። ስለዚህ አፉን ቶሎ በአሸዋ ድንጋይ ፈተግ አድርገው ብልጭ እስኪል ያጸዱትና ዓይናቸውን ይተክሉበታል። ከእጀታው በኩል የቀረው ሙቀት ቀስ እያለ ወደ አፉ ይመጣል። አመጣጡም በቀለም ይታያል። በመጀመሪያ የገለባ ቢጫ ይመጣል፣ እሱን ቡናማ ይከተለዋል፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ። ቀለማቱ የሚመጡት በብረቱ ገጽ ላይ ከሚፈጠር እጅግ ስስ የዝገት ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ በወፈረ ቁጥር ቀለሙ ይለወጣል። ወይን ጠጁ አፉ ላይ ሲደርስ ጋሼ መሮውን መልሰው ውኃ ውስጥ ይጨምሩታል። ትንሽ ቢዘገዩ ሰማያዊ ይሆናል፣ ይለሰልሳል። ትንሽ ቢቸኩሉ ይሰበራል። ከቢጫው እስከ ሰማያዊው ያለው ጊዜ አንድ ሰው እፍ እፍ ብሎ ሻይ ከሚያበርድበት አይበልጥም። ሙያቸው በዚያች ጊዜ ውስጥ ነበረች።

እንዲህ ያለ ዕውቀት የያዘ ሰው በብዙ የአገራችን ክፍል ቀጥቃጭ ተብሎ ሲሰደብና ሲገለል መኖሩ ያሳዝነኛል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸው በከንቱ አልነበረም። ድሬዳዋ ግን ቀድማ የገባት ከተማ ናት። በምድር ባቡር ግቢ ጋሼ ሲያልፉ ጸሐፊውም መሐንዲሱም ቆመው ነበር ሰላምታ የሚሰጧቸው።

ብረት ሲሞቅ ከተከለከለ ይጣመማል፣ ሸክላ ግን አይጣመምም፤ ይሰነጠቃል። ይህን ደግሞ ያስተማረችኝ እማዬ ናት። አዲስ ምጣድ በመጣ ቁጥር ማሟሸቱ አንድ ትልቅ ሥራ ነበር። እሳቱ መጀመሪያ በጭላንጭል ይነሣል፤ ምጣዱ ከመሐሉ እስከ ዳሩ እኩል እስኪሞቅ ትጠብቃለች። ከዚያ ጎመን ዘር እየፈጨች ደጋግማ ታሸዋለች፣ ዘይቱ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ገጹ ጥቁርና ልስልስ ይሆናል። ሸክላ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም። መሐሉ ግሎ ዳሩ ቀዝቃዛ ከሆነ መሐሉ ይሰፋል፣ ዳሩ እንቢ ይላል፣ ምጣዱ ለሁለት ይከፈላል። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የደፋ ልጅ በእማዬ ቤት ይቅርታ አልነበረውም። ትኩስ ሻይ ወደ ብርጭቆ ከመቅዳቷ በፊት ማንኪያ መክተቷም ለዚሁ ነው፤ ማንኪያው ከሙቀቱ የድርሻውን ይወስዳል፣ ብርጭቆው ይተርፋል። ከሰው ሁሉ ጋር በጠብ የማትታወቅ እናቴ በዚህ ነገር ግን ትቆጣ ነበር።

ቀን ተቃጥሎ የዋለው የቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ ማታ ማታ ይናገራል። በድሬዳዋ በሙቀቱ ወራት ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነው የሚተኛው። ጀምበር ስትጠልቅ ከየቤቱ ጣሪያ ቷ፣ ቋ፣ ቷ የሚል ድምፅ ይነሣል። ቆርቆሮው ሲሞቅ ተዘርግቶ በምስማሩ ላይ ተወጥሮ ነበር፤ አሁን ሲበርድ ይሰበሰባል፣ ሳይወድ የተያዘበትን ቦታ ለቆ ድንገት ይዘላል። እንግዳ ሰው ድንጋይ የተወረወረ መስሎት ይደነግጣል። እኛ ግን ቀኑ አለቀ፣ ነፋሻው መጣ ማለቱ ነው ብለን እንተኛለን።

የጣቢያው ሠራተኞች ሥራም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ባቡሩ በቆመ ቁጥር አንዱ ሰው መዶሻውን ይዞ ጎማዎቹን እየመታ ያልፋል። ጤነኛ ጎማ ይደውላል፣ የተሰነጠቀ ጎማ ድም ይላል። ሌላው ሰው የእጁን ጀርባ በየጎማው ዘንግ መያዣ ላይ ያስጠጋል። ግራሶ ያነሰው ዘንግ በመፋተግ ይግላል፤ ዘንጉን የሚሸከመው ለስላሳ ነጭ ብረት ደግሞ ከ240 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ይቀልጣልና ቶሎ ካልታወቀ ጋሪው ይቃጠላል። ከአዋሽ ወዲህ ባለው በረሃ ውስጥ ሁሉም ነገር ሞቃት ነው። ታዲያ ፀሐይ ያሞቀውን ብረት ሕመም ካሞቀው ብረት የሚለየው ያ እጅ ነው። ያ ሰው በሕይወቱ ስንት ሺህ ጊዜ ቢዳስስ ነው ይህን መለየት የቻለው?

ያ መንገድ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እየተዳከመ ሄዶ ቆመ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ተመረቀ። ደስ ብሎኛል፤ አሁንም ደስ ይለኛል። አሮጌው ባቡር ብዙ ያዘገየን፣ ብዙ ያሰለቸን ነበር፤ አገር ደግሞ በትዝታ አትጫንም። በዘመናችን የሐዲድ አሠራር ብረቶቹ በብየዳ ይቀጣጠላሉ። ብየዳው ራሱ የሚያስደንቅ ነው፤ የአልሙኒየም ዱቄትና የብረት ዝገት ተቀላቅለው ሲለኮሱ ከ2,000 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ የቀለጠ ብረት ይወጣቸውና በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ይፈስሳል፣ ሲበርድ አንድ ያደርጋቸዋል። ስንጥቅ የለም። ቀጭ ቋም የለም።

ታዲያ ብረቱ መርዘሙን ተወ ማለት ነው? አልተወም። ሕጉ ያው ነው። የዘመኑ መሐንዲሶች ያደረጉት ብረቱን ከአግድሞቹ ጋር አጥብቀው በማሠርና አግድሞቹን በጠጠር በመቅበር እንዳይንቀሳቀስ መያዝ ነው። ሐዲዱን የሚያሥሩት ለአካባቢው መካከለኛ በሆነ ሙቀት ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ በውስጡ ይጨነቃል፣ ከዚያ በታች ሲበርድ በውስጡ ይወጠራል። ሜትሩ 50 ኪሎ የሚመዝን ሐዲድ ለእያንዳንዱ ዲግሪ አንድ ቶን ተኩል የሚያልፍ ግፊት ይሸከማል። 25 ዲግሪ ቢሞቅ 40 ቶን ያህል ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ ሐዲድ ውስጥ፣ ያለ ድምፅ። የዱሮው ሐዲድ ሙቀቱን እየተናገረ ያሳልፈው ነበር፤ የአሁኑ ውጦ ዝም ይላል። የዘንጉን ትኩሳትም ዛሬ ከሐዲዱ ዳር የሚተከሉ መሣሪያዎች ባቡሩ ሳይቆም ያነቡታል። እጅ አያስፈልግም።

እኔን የሚቆጨኝ ብረቱ ዝም ማለቱ አይደለም። የሚቆጨኝ ዝም ያለውን ብረት የሚያነብ ሰው እያነሰ መሄዱ ነው። መሣሪያ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ትክክል ይሁን ስህተት፣ ከነገሩ ጋር ይሄድ አይሂድ የሚያውቀው ግን ብረቱን በእጁ የያዘ ሰው ነው። አባቴ የስንጥቁን ልክ፣ ጋሼ የቀለሙን ሰዓት፣ እማዬ የምጣዱን አጋገል ያወቁት በመጽሐፍ አልነበረም፤ በመጽሐፍም አልጻፉትም። ከሰው ወደ ሰው፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የነበረ ዕውቀት አንድ ትውልድ ብቻ ካልተቀበለው ያበቃል። አንድ የቴክኒክ ተማሪ ዛሬ የብረት መስፋፋትን ቀመር ይጽፋል፤ ቀለበት በጎማ ላይ ሲገባ ያየው ግን ስንቱ ነው? ቀመሩንና ጠብታውን አንድ ላይ ያየ ልጅ አይረሳውም፤ እኔ ምስክር ነኝ።

የድሬዳዋ ወርክሾፕ አሮጌ መኪኖችና ባቡሮች ዛሬም በግቢው ቆመው ይታያሉ፤ ጎብኚ ፎቶ ያነሣቸዋል። ፎቶ ግን አይበቃቸውም። የቆመ ቶርኖ የሚያስተምረው ጥቂት ነው፤ የሚሠራ ምድጃ ግን ብዙ ያስተምራል። በየዓመቱ ለጥቂት ቀናት እንኳ ቢሆን የቀጥቃጩ ቤት ተከፍቶ፣ የከተማው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዙሪያውን ቆመው፣ ከቀሩት ጡረተኞች አንዱ መሮ ሲያጠነክር፣ ቀለበት ሲያገባ፣ ስንጥቅ ሲለካ ያሳያቸው። የሚናገረው ይቀረጽ፣ ይጻፍ። ወጪው ብዙ አይደለም፤ ጥቂት ከሰል፣ ጥቂት ብረት፣ ለሽማግሌው ክብርና የላቡ ዋጋ። ከእሱ የምናገኘው ግን ከ100 ዓመት በላይ የተጠራቀመ የሥራ ዕውቀት ነው።

ብረት በየቀትሩ መርዘሙን፣ በየሌሊቱ ማጠሩን አይተውም፤ ያ እስከ ዘላለም ይጠብቀናል። ይህን በእጃቸው የሚያውቁት ሽማግሌዎች ግን አይጠብቁንም። ስለዚህ ምድጃው እነሱ በሕይወት ሳሉ ይለኮስ።